የእንፋሎቱ ልቦለድ ድንበር በጋፋት ያልፋል



ዛሬ የምናገረው ስቲምፓንክ ስለሚባለው የልቦለድ ዘውግ ነው፤ በተለይም ድንበሩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ «ይሄ የለንደንና የካሊፎርኒያ ሰዎች ጉዳይ አይደለም ወይ? ከደብረ ታቦር ጋር ምን አገናኘው?» ብለውኛል። እኔ ግን ይህን ዘውግ ከጎረቤቶቹ የሚለየውን መስመር ለማስመር እንደ ጋፋት የሚመች መሬት የትም አላየሁም። ጋፋትን እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለ፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው።

ዘውጉን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ስቲምፓንክ ታሪኩን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን፣ እንፋሎት ዓለምን ባንቀሳቀሰበት ጊዜ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በዘመኑ ያልነበረ ማሽን እንደ ነበረ ቆጥሮ ዓለሙን ከሥሩ ጀምሮ እንደ አዲስ ይሠራል። በከሰል ኃይል የሚበር መርከብ፣ በጥርሳማ መዘውር የሚያስብ የነሐስ ሰው፣ በእንፋሎት የሚሠራ ኮምፒውተር የሚታይበት እዚህ ነው። ስሙን ያወጣለት ኬ. ደብሊው. ጄተር የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ ሲሆን፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ሎከስ ለተባለው መጽሔት በጻፈው ደብዳቤ እሱና ባልንጀሮቹ ቲም ፓወርስና ጄምስ ብሌይሎክ የሚጽፉትን ነገር በዚህ ስም ጠራው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዊልያም ጊብሰንና ብሩስ ስተርሊንግ «ዘ ዲፈረንስ ኢንጂን» የተባለውን ልቦለድ አሳተሙ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ የማስያ ማሽኖቹን ንድፍ ሠርቶ ነበር፤ ሙሉ ሆነው ግን በሕይወቱ ሳያያቸው ሞተ። ሁለቱ ደራሲዎች ማሽኑ ተሠርቶ ቢሆንስ ብለው ተነሡ፤ እንግሊዝ ኮምፒውተርን ከመቶ ዓመት በፊት ስታገኝ ፖለቲካዋ፣ ፖሊሷ፣ ድኻዋና ባለጸጋዋ ምን ይሆኑ እንደ ነበር ጻፉ።

የመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ እዚህ ላይ ይተከላል። ብዙ ሰው ዡል ቬርንን የዘውጉ አባት ይለዋል። ቬርን ካፒቴን ኔሞን ባሕር ውስጥ ያሰመጠበትን ታዋቂ መጽሐፉን ያሳተመው በ1870 እ.ኤ.አ. ነው፤ መቅደላ ከተቃጠለች ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ። ለቬርን ያ ሁሉ ነገ ነበር። በገዛ ዘመኑ ቆሞ ወደ ፊት ነው የተመለከተው። የስቲምፓንክ ጸሐፊ ግን ወደ ኋላ ዞሮ፣ የሆነውን አውቆ፣ «ባይሆንስ ኖሮ?» ብሎ ይጠይቃል። ማወቁ ጽሑፉን ይለውጠዋል፤ ቬርን ምን እንደሚመጣ አያውቅም ነበር፤ እኛ እናውቃለን። ስለዚህ ቬርን የዘውጉ አያት ይባል እንጂ አባል ነው ማለት አልችልም። በዚያው ሚዛን ደግሞ ከነገዋ አዲስ አበባ ወይም ከፈረሰች ምድር ተነሥቶ የሚተረክ ሥራ፣ በአማርኛ የተሠራውና በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው «ክራምብስ» ፊልም እንደሚያደርገው፣ ምንም ያህል የዛገ ብረት ቢያሳየን በሌላ ቤት የሚኖር ነው።

ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ። ባለፉት ዓመታት ዘውጉ በልብስ ተጨናንቋል። ቆብ ላይ የተሰካ መነጽር፣ ደረት ላይ የተለጠፈ የሰዓት ጥርስ፣ የቆዳ ጓንት፤ ይህን የለበሰ ሁሉ ስቲምፓንክ ተባለ። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ይህ ነው፦ ማሽኑን ከታሪኩ አውጡት። ታሪኩ ከፈረሰ ዘውጉ ውስጥ ነው። ማሽኑ ወጥቶም ፍቅሩ፣ ጠቡ፣ ግድያው እንዳለ ከቀጠለ ግን ያ ጌጥ ነው። በጌጥ አልጣላም፤ ግን ጌጥን ዘውግ ብሎ ከሚጠራ ሰው ጋር አልስማማም።

አሁን ወደ ጋፋት እንሂድ።

በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ጋፋት ላይ የሰፈሩት አውሮፓውያን አብዛኞቹ በባዝል አቅራቢያ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የወጡ ወንጌል ሰባኪ ባለሙያዎች ነበሩ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሳልሙለር ከእነሱ መካከል ናቸው። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም አብረዋቸው ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ሥሩ ሲሏቸው ሰባኪዎቹ «አናውቅም» አሉ፤ እውነታቸውንም ነበር። «ሞክሩ» ተባሉ። ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው፤ የዘውጉ ልብ ያለው እዚህ ዝርዝር ውስጥ ነውና። ነሐስ በ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ ብዙ ከሰል፣ በደንብ የተሠራ ምድጃና የማይታክቱ ወናፎች ካሉ ይደረስበታል። ንጹሕ ብረት ግን ከ1,500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ያን በእጅ ወናፍ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። የጋፋት መድፎች ከብረት ይልቅ ነሐስ የሆኑበትን ምክንያት ከፊሉን ይህ ያስረዳል። ቅርጹ በሸክላ ይሠራል፤ ሸክላውም እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት። ጥቂት እርጥበት ከቀረበት፣ የቀለጠው ነሐስ ሲነካው እርጥበቱ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ቅርጹን ይሰነጥቀዋል፣ የፈሰሰውንም ወደ ሰው ይረጨዋል። ደግሞም ትልቅ መድፍ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚፈስሰው። ቀልጦ የሚወርደው ነሐስ መሐል ላይ ከተቋረጠ ሁለቱ ክፍል አይዋሐዱም፤ መድፉ ሲተኮስ እዚያው ላይ ይፈነዳል። ሴባስቶፖል የተባለው ሞርታር ክብደቱ ወደ ሰባት ቶን ይገመታል። ሰባት ቶን ነሐስ በአንድ ቀን፣ በአንድ ፍሰት፣ በደጋ ነፋስ መካከል! ይህን የሠሩት ሰዎች፣ የሀገሬውም የውጭዎቹም፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወታቸው አይተው አያውቁም ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህ ስቲምፓንክ ነው? በፍጹም አይደለም። ሆኗልና። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ተራራ ላይ ተኝቶ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው ምስሉ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን ሲጽፉ ታሪካዊ ልቦለድ ነው የጻፉት፤ የታሪኩን መንገድ ተከትለው ሰውየውን ከውስጡ አሳዩን፤ መንገዱን ግን አልቀየሩም። የታሪካዊ ልቦለድና የስቲምፓንክ ድንበር ይህ ነው። አንዱ በሆነው ውስጥ ይጠልቃል፤ ሌላው የሆነውን በአንድ ቦታ ላይ ይቆርጥና በሌላ በኩል ይቀጥለዋል።

የሚቆረጠውስ የት ላይ ነው? በየትኛውም ቦታ ላይ ቢቆረጥ አይይዝም። ሁለት ቦታ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ከእኛው ጣና ዳር ነው። በ1866 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስ በእንፋሎት ስለሚሄዱ መርከቦች ሰምተው በሐይቁ ላይ እንዲሠሩ ፈለጉ። እንደ ታንኳ ሁሉ ከደንገል የታሰሩ፣ ጠፍጣፋና ሰፊ ጀልባዎች ተሠሩ። በላያቸው የእንጨት ወለል ተነጠፈ። በሁለቱም ጎን እንደ እንፋሎት መርከብ ያለ መንኮራኩር ተገጠመ። ሞተር ግን የለም። መንኮራኩሩን የሚያዞሩት ሰዎች ናቸው፣ እንደ ሞረድ ድንጋይ በእጀታ። ይህን ከዶክተር ሄንሪ ብላንክ የምርኮ ማስታወሻ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። የአውሮፓ አንባቢ እንደ ቅዠት ሊያየው ይችላል፤ እኔ ግን ትክክለኛ የምህንድስና አስተሳሰብ ነው የማየው። ሰውየው የእንፋሎት መርከብ ምን እንደሚያደርግ ተረድተዋል፤ መንኮራኩሩ ውኃውን እንደሚገፋ፣ ኃይሉ ከየትም ይምጣ ግፊቱ ያው እንደሆነ አውቀዋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ማፍያ ጋኑና ፒስተኑ። መልኩን ላየ፣ ይህ ጀልባ በዓለም ላይ ካሉት የስቲምፓንክ ሥዕሎች ሁሉ የበለጠ ስቲምፓንክ ይመስላል። ሆኖም ታሪክ ነው። ዘውጉ በመልክ አይለካም የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ምጽዋ ነው። እንደምታውቁት ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1862 እ.ኤ.አ. የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሩንና ሌሎች ታሰሩ። በ1866 እ.ኤ.አ. ወንጌል ሰባኪው ማርቲን ፍላድ ባለሙያዎችና መሣሪያ ይዞ እንዲመለስ ወደ እንግሊዝ ተላከ። የእንግሊዝ መንግሥትም ሰዎች ቀጠረ፣ ማሽን አዘጋጀ፣ እስከ ምጽዋ ላከ። እዚያ ላይ ነገሩ ቆመ። እንግሊዞች መጀመሪያ እስረኞቹ ይፈቱ አሉ፤ ንጉሡ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ይምጡ አሉ። ማንም ማንንም አላመነም። ባለሙያዎቹ ጠብቀው ጠብቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ቀጥሎ የመጣው ጦር ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ የልቦለዱ መቁረጫ ይህች ሰዓት ናት። ንጉሡ የሚፈልጉት ነገር ተዘጋጅቶ፣ መርከብ ተሻግሮ፣ የባሕሩ ዳር ላይ ተቀምጧል። ማንም ምትሐት መፍጠር አያስፈልገውም። አንድ ሰው እምነት ይጥላል፣ ሳጥኖቹ ግመል ላይ ይጫናሉ፣ ማሽኖቹ ጋፋት ይደርሳሉ። ለማቅለጫው ምድጃ አየር የሚነፋ አንድ አነስተኛ የእንፋሎት ሞተር ተተከለ እንበል። ወናፍ ሲነፉ የኖሩት ሰዎች ክንድ ያርፋል፤ ምድጃው ይበልጥ ይግላል፤ ብረት ማቅለጥ ይቻላል። ብረት የሚያቀልጥ ጋፋት ሁለተኛ ሞተር ራሱ መሥራት ይጀምራል። ያ ሁለተኛው ሞተር ደግሞ ጣና ዳር ወዳለችው ቆራጣ ወርዶ ከደንገሉ ጀልባ ላይ ይገጠማል። ከዚያ በኋላ በጎጃምና በበጌምድር መካከል የሚደረገው ጦርነት፣ ንግድ፣ ግብርና ጋብቻ እንዳለ አይቀጥልም። ቅድም ያልኋችሁን መፈተኛ አስታውሱ፤ እዚህ ላይ ማሽኑን ብታወጡት ታሪኩ በሙሉ ይወድቃል።

ነገር ግን ዘውጉ ሌላም ድንበር አለው፤ ስለዚህኛው ብዙ ጊዜ አይነገርም። ማሽኑ የማን ነው?

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን በሰረገላ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል በቀይ ባሕር ጠረፍ ዙላ ላይ ይወርድ ጀመር። ሁለቱ ጉዞዎች የተያዩት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ቴዎድሮስ መንገዱን በእጃቸው ጭምር ድንጋይ እያነሡ እየጠረጉ፣ ጨጨሆን አልፈው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል በሰው ትከሻና በጠፍር ገመድ ወርደው ወጡ። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ደግሞ ከዙላ እስከ ኩማይሊ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ አስነጥፎ የእንፋሎት ባቡር አስኬደ፤ የመርከቦቹ ማፍያ የባሕሩን ውኃ አጣርቶ ወታደሩን አጠጣ፤ የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ፤ 44 ዝሆኖች መድፍ ተሸከሙ። ዘመቻው ሲያበቃ ሐዲዱ ተነቅሎ ተጫነ። ንጉሡ ይለምኑት የነበረው እንፋሎት በመጨረሻ ወደ እሳቸው መጣ፤ የመጣው ግን ሊገድላቸው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ሁሉም አለቀ።

ከዚህ ተነሥቼ ነው በዘመናዊው ስቲምፓንክ ላይ የምቆጣው። አብዛኛው የናፒየርን ባቡር ከውጭ አይቶ ያማረ ይለዋል። ቀይ ኮቱን፣ የነሐስ ቁልፉን፣ ቴሌስኮፑን ይወስድና ባቡሩ የሄደበትን ምክንያት ይተዋል። እኔ ግን የቪክቶሪያን ዘመን የሚወርስ ልቦለድ ዕዳውንም አብሮ መውረስ አለበት እላለሁ። ይህ የገባቸው ደራሲዎች አሉ። ኒሲ ሾል በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ኤቨርፌር» የንጉሥ ሊዮፖልድን ኮንጎ ወስዳ፣ የተገዛው ሕዝብ ማሽኑን ቀድሞ ቢይዝ ምን ይሆን እንደ ነበር ጽፋለች። ዘውጉ ከአውሮፓ ውጭ ሲሄድ ይሰፋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የበለጠ ይጠብባል፣ ይጠራል እላለሁ። ኃይሉ በማን እጅ እንዳለ የማይጠይቅ ሥራ ከድንበሩ ውጭ ይቀራልና።

ይህንኑ ሚዛን በራሳችን ላይ ካላዞርነው ደግሞ አድልዎ ነው። የበጌምድር ገበሬ በዚያ ዘመን ምን እንደ ደረሰበት አያቶቻችሁ ነግረዋችኋል። አገሩ ሸፍቶ ነበር፤ የንጉሡ ጦር መንደር አቃጠለ፣ እህል ዘረፈ፣ ሰው ፈጀ። ሰባቱን ቶን የጎተቱት ሰዎች ወደው የጎተቱ አይደሉም። የጋፋቶቹ አውሮፓውያንም በመጨረሻው ምርኮኞች ነበሩ። ስለዚህ ቴዎድሮስን በእንፋሎት መርከብ ላይ አቁሞ ባንዲራ የሚያውለበልብ ልቦለድ ቢጻፍ፣ የለንደኑን ጌጥ በእኛ ሸማ መለወጥ እንጂ ሌላ አይሆንም። ምድጃው የበላው ከሰል የማን ዋርካና ወይራ ነበር? ገመዱን የያዘው እጅስ በዚያ ዓመት አርሶ ነበርን? እነዚህ ጥያቄዎች ያሉበት ልቦለድ ይጻፍልን።

ሌላው የኛ አገር ልዩ ጉዳይ የባለ እጁ ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በደጋው አገራችን ለዘመናት ሲፈራና ሲናቅ ኖሯል። ቡዳ ነው ተብሎ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ይበላል ተባለለት። ማረሻውን ግን ሁሉም ከእሱ ይገዛል። ብዙዎቹ የዚህ አካባቢ ባለ እጆች ቤተ እስራኤል ነበሩ። እንግሊዛዊው የስቲምፓንክ ጀግና፣ መሐንዲሱ፣ በማኅበረሰቡ የተከበረ ሰው ነው፤ ስሙ በጋዜጣ ይወጣል። የጋፋቱ ጀግና ግን ሞተሩን ገጥሞ ሲጨርስ ጎረቤቱ ልጁን ከዓይኑ የሚሸሽግበት ሰው ነው። ይህ ከሌላ አገር የማይበደር ግጭት ነው። በአማርኛ የሚጻፍ ስቲምፓንክ ከዚህ ቢነሣ፣ የማንንም ፈለግ ሳይከተል የራሱን ነገር ይዞ ይመጣል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣ የድንበር ጥያቄ አለ፤ ስለ ምትሐት። ፒ. ጄሊ ክላርክ የተባለው ደራሲ በ1912ቷ ካይሮ ላይ ጂኒዎችንና የእንፋሎት ማሽኖችን ጎን ለጎን አኑሯል፤ ግሩም አድርጎም ጽፎታል። ታዲያ ደብተራው በክታቡ ሞተር ቢያስነሣ ስቲምፓንክ ነው? እኔ አይደለም እላለሁ፤ ተረት ነው፤ ተረትም ክብር አለው። ማሽኑ የራሱን ሕግ ጠብቆ፣ ውኃ እየፈላ፣ ከሰል እየነደደ፣ እርጥብ ሸክላ እየተሰነጠቀ ከሠራ ግን አጠገቡ ዛርም ይጩኽ፣ ክታብም ይጻፍ፤ ድንበሩ አይጣስም። ሰዎቹ በመንፈስ ያምኑ ነበር፤ ያን ማውጣት ውሸት ይሆናል።

ስለ ዘመን ማብቂያ ብዙ አልደክምም። በምኒልክ ጊዜ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ያመጣው የእንፋሎት ማሽን አዲስ አበባን ጉድ አሰኝቷል፤ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡርም በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገብቷል። እስከዚህ ድረስ ያለው ዘመን ለዘውጉ ሰፊ ሜዳ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከሰማይ መርዝ ጋዝ ያዘነቡት አውሮፕላኖች ሲመጡ ግን ቤንዚን እንፋሎትን ተክቶታል፤ ፍርሃቱም ሌላ ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሌላ ስም ያለው ዘውግ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ፣ እዚህ ላሉት ወጣት ጸሐፊዎች። ከመቅደላ በኋላ የጋፋት ሰዎች ተበተኑ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሞሪትዝ ሆል ያፋ ሰፈረ፤ ተዋናዩ ፒተር ዩስቲኖቭ ከዚያ ቤተሰብ የተወለደ ነው። የእነሱን ስም እናውቃለን፤ መጽሐፍም ጽፈዋል፤ ተጽፎላቸዋልም። ወናፉን የነፉት፣ ሸክላውን ያቦኩት፣ ነሐሱ ሲፈስስ ዓይናቸውን በክንዳቸው የከለሉት የጋፋትና የአካባቢው ሰዎች ግን ስማቸው እንደ እነዚያ አልተጻፈልንም። የታሪክ ጸሐፊ ያላገኘውን ስም ሊፈጥር አይችልም፤ ሕጉ ይከለክለዋል። እናንተ ግን ትችላላችሁ። አንዷን ከል የለበሰች ከሰል አክሳይ፣ አንዱን ከቤተ እስራኤል መንደር የመጣ ቀጥቃጭ ስም ስጡና ሳጥኖቹ ከምጽዋ የደረሱ ዕለት ጋፋት ላይ አቁሟቸው። የሳጥኑን ክዳን መጀመሪያ የሚከፍተው ከሁለቱ ማን እንደሆነ እናንተ ወስኑ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።